ማርቬል አልቲሜት አላያንስ 3 በስዊች፦ ከወራት በኋላ በእጅ ይዞ ለመጫወት ምን ይመስላል?

ለጌም መጫወቻው ኒንቴንዶ ስዊች በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጌም አራት ጀግኖችን በአንድ ላይ ያሰልፋል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ሦስቱን ጌሙ ራሱ ያንቀሳቅስለታል። በእጅ ይዞ ለመጫወት በጣም ደስ ይላል፤ ግን ማስተካከያውን ሳትነኩ አትጀምሩት።

ዋናው ፈተና ማየት ነው። የመጀመሪያው ስዊች ስክሪን 6.2 ኢንች፣ የላይት ሞዴሉ 5.5፣ የኦሌድ ሞዴሉ 7 ኢንች ነው። አራቱም ጀግኖች ኃይላቸውን በአንዴ ሲለቁ ብርሃኑ፣ የጉዳት ቁጥሩና ጠላቱ ተደራርቦ የያዛችሁት ጀግና ይጠፋባችኋል። ያኔ እሱን ከመፈለግ በመስቀሉ በተን ወደ ሌላ ጀግና መቀየር ይቀላል። ካሜራውንም ወደ ሂሮይክ ቀይሩት፤ ከጀርባ ስለሚከተል ጀግናው ጎልቶ ይታያል። ጠባብ ቦታ ላይ ግድግዳ መጋረዱ አይቀርም፣ ቢሆንም በትንሽ ስክሪን ከክላሲኩ፣ ከሌላው የካሜራ ምርጫ፣ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ቦስ፣ ማለትም ዋናው ጠንካራ ጠላት፣ ላይ ነው። ከቦሱ የሕይወት መስመር ጋር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መስመር አለ፤ እሱ እስኪያልቅ የምትሰነዝሩት ምት ሕይወቱን ብዙም አይቀንሰውም። ቶሎ የሚያወርደው ከባዱ ምትና ሁለት ጀግኖች ኃይላቸውን የሚያጣምሩበት ሲነርጂ ነው። ኤክስትሪሙን፣ ማለትም ሲሞላ የሚለቀቀውን የጀግናውን ትልቁን ኃይል፣ እንደሞላ መልቀቅ ማባከን ነው። ወይን ጠጁ መስመር አልቆ ቦሱ እስኪደነዝዝ ያዙት፣ ከዚያ የኤልና የአር በተኖችን አንድ ላይ ተጫኑ። ወዲያው ደጋግማችሁ ከተጫናችሁ ኤክስትሪማቸው የሞላ ጓደኞችም ይከተላሉ፤ አራቱ ሲደራረቡ ግማሽ ፍልሚያ ያልቃል።

የቡድን ምርጫም ይቆጠራል። ስታር ሎርድ፣ ጋሞራ፣ ድራክስ፣ ሮኬትና ግሩት (ሁለቱ እንደ አንድ ጀግና ይቆጠራሉ) ከመጀመሪያው አብረው ስላሉ የቡድን ጉርሻው (የአንድ ቡድን ጀግኖች አብረው ሲሰለፉ የሚያገኙት ተጨማሪ ጥንካሬ) ያለ ድካም ይገኛል። ጉርሻ ብላችሁ ግን አራቱንም በቅርብ የሚመቱ አታድርጓቸው፤ አንድ ከሩቅ የሚተኩስ ይኑር።

የሚያሰለቸው ሌቭል ማሳደጉ ነው። ከቡድኑ ውጪ የተቀመጠ ጀግና አያድግም፤ የጀግኖቹ ብዛት ደግሞ ከሠላሳ በላይ ነው። ስለዚህ የልምድ ኪዩቦችን (የጀግናን ሌቭል የሚያሳድጉትን) ሁሌ ለምትይዟቸው አታባክኑ፣ ወደኋላ ለቀሩት አስቀምጡ። የጌሙን ገንዘብ መጀመሪያ “ላብ” በሚባለው የማሻሻያ ክፍል ላይ አውሉት፤ እዚያ የሚከፈተው ማሻሻያ ሁሉንም ጀግኖች ያጠነክራል። አይሶ 8 የሚባለው፣ ለጀግና የሚገጠም የማጠንከሪያ ድንጋይ፣ የሚጠቅመው የያዘውን ጀግና ብቻ ነው፣ እሱ ይቆይ።

በ2017 የወጣው ስዊች ባትሪ እንደ ጌሙ ክብደት ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት፣ በ2019 የተሻሻለው ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ይቆያል ተብሎ ነው የተሸጠው። ይህን በመሰለ ጌም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ቅረቡ። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ይረዳል፤ ከላይ ያለውን የአየር መውጫ ግን በትራስም በብርድ ልብስም አትሸፍኑት።