ዳንፎርዝ ላይ፣ ካፌይን የሌለው ሲዳማ በጀበና

ቶሮንቶ ውስጥ ካፌይን የሌለው ቡና፣ ያውም ከጥሬው ጀምሮ ፊት ለፊት ተቆልቶ በጀበና የሚቀርብበት ቤት እንደልብ አይገኝም። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከግሪንዉድ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ እንዲህ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ካፌ አለች። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈላው። ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ ፈንዲሻው ሁሉም በቦታው ነው። ፍርፍራቸውም ይበላል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ቡናው ነው።

አክስቴን ይዤ ነበር የሄድኩት። ሐኪሟ ለልብ ምቷ ሲል ካፌይን ካስቆማት ወዲህ፣ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ለእሷ ሻይ ነው የሚቀዳላት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ጎረቤት ሰብስባ ከአቦል እስከ በረካ ስታጠጣ የኖረች ሴት ናት። ቡና ሲጠሯት "እኔስ ይቅርብኝ" ማለት ስትጀምር ከስኒው ብቻ አልቀረችም፤ ከጨዋታውም ከምርቃቱም ቀረች። እርጉዞችም፣ አመሻሽ ላይ አንድ ስኒ ከቀመሱ ሲገላበጡ የሚያድሩትም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ዲካፍን፣ ማለትም ካፌይን የወጣለትን ቡና፣ ገና ሳይቀምስ የሚያጣጥል ሰው ሲገጥመኝ ደስ አይለኝም። በደንብ የተያዘ ዲካፍ ቡና ነው። ችግሩ በደንብ የሚይዘው ሰው ማነሱ ነው።

ቡና የምታፈላው ልጅ ጥሬውን በሳህን ይዛ መጣች። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችውና ቅር አላት።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ተቆልቷል።"

"አይ እማማ፣ ጥሬ ነው። ካፌይኑ ሲወጣለት መልኩ እንዲህ ይሆናል። ይንከሱት እስቲ።"

ነከሰችው። እውነትም ጥሬ ነው።

ካፌይን የሚወጣው ቡናው ከመቆላቱ በፊት ነው። ፍሬው ለሰዓታት ተዘፍዝፎ እንደገና ሲደርቅ አረንጓዴነቱ ይጠፋና ወደ ቡናማ ይጠጋል። የመቁላቱ ችግርም የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛ የለመድነው መልኩን እያየን መቁላት ነው። ይሄኛው ግን ከመነሻው ጠቆር ያለ ስለሆነ ዐይን አይታመንበትም። ቶሎ ይበስላል፣ ሲንጣጣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ዘይቱም ፈጥኖ ላዩ ላይ ይወጣል። ትንሽ ከተዘናጉበት አረረ ማለት ነው። ልጅቷ እሳቱን ቀነስ አድርጋ፣ ምጣዱን ያለማቋረጥ እያንቀሳቀሰች፣ ጆሮዋን ወደ ምጣዱ ዘንበል አድርጋ ነበር የምትቆላው። ሽታው ከጥሬ እህልነት ወደ ዳቦ፣ ከዳቦ ወደ ቡና ሲለወጥ ሁላችንም ሰማነው። ቶሎ አወጣችው። ከዚያ ጭሱን እያዞረች ስታመጣልን አክስቴ በሁለት እጇ ወደ ፊቷ ሳበችው። ከተማው ውስጥ ብዙ ቦታ የሚቀርበው ዲካፍ ከሰል ከሰል የሚለው ይሄን ጥንቃቄ ስላጣ ይመስለኛል።

ቡናው የታጠበ፣ ማለትም ቀይ ፍሬው ተፈልፍሎ በውሃ የተዘጋጀ፣ ሲዳማ አረቢካ ነው። አረቢካ በተፈጥሮው 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን አለው፤ ሮቡስታ የሚባለው ሌላው የቡና ዝርያ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እዚህ ካናዳ ካፌይን የሌለው ተብሎ ለሚሸጥ የተቆላ ቡና የተፈቀደው ጣሪያ 0.1 በመቶ ነው። ዜሮ ማለት እንዳልሆነ ሐኪም በጥብቅ የከለከለው ሰው ልብ ይበል። ይህኛው ጥሬው ከሲዳማ ተጭኖ መጥቶ፣ ቫንኩቨር አጠገብ ዴልታ ከተማ ባለው የስዊስ ዋተር (የስዊስ ውሃ) ፋብሪካ ያለፈ ነው። ዘዴው በ1930ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ስለተጀመረ ነው ስሙ እንዲያ የሆነው።

አሠራሩ በጣም ይገርመኛል። መጀመሪያ አንድ ዙር ጥሬ ቡና በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል። ፍሬው ያለውን ይለቃል፤ ካፌይኑንም፣ ለጣዕም የሚሆነውንም። ውሃው በከሰል ማጣሪያ ሲያልፍ ካፌይኑ እዚያ ተይዞ ይቀራል፤ ሌላው ውሃው ውስጥ ይቆያል። አሁን ሌላ ቡና በዚህ ውሃ ይዘፈዘፋል። ውሃው ሌላውን ሁሉ ስለጠገበ ከአዲሱ ፍሬ የሚስበው የጎደለውን ካፌይን ነው። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ከውሃና ከከሰል ውጭ ሌላ ኬሚካል አይገባበትም። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ብሬመን ከተማ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ሮዜሊዩስ ካፌይን የማውጣትን ሥራ ለገበያ ሲያበቃው የተጠቀመው ቤንዜን የተባለ ኬሚካል ነበር። ጎጂነቱ ታውቆ ቀርቷል። ዛሬም በኬሚካል ማሟሟት አለ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድም ይሠራል፤ ለኔ ግን የውሃው ይሻለኛል።

ወደ ስኒው እንምጣ። ከታጠበ ሲዳማ የአበባ ሽታና የሎሚ ቃና ነው የሚጠበቀው። አበባው ደብዝዟል፤ መዘፍዘፉ የሚወስደው ነገር እንዳለ አፍ ላይ ይታወቃል። ሎሚው ግን አለ፣ ስኒው በረድ ሲል ደግሞ ጎላ ይላል። ከኋላው የቸኮሌትና የተቃጠለ ስኳር ጣፋጭነት ይመጣል። ካፌይን ራሱ መራራ ስለሆነ ምሬቱም ለስለስ ያለ ነው። አክስቴ ስኳር ሳትጨምር ጠጣችው። "ቡና ነው" አለች፣ ሁለተኛውንም ተቀበለች።

ቶናውም አላሳፈረም። በረካው ግን ቀጠነ። በረካ መቅጠኑ ያለ ነው፤ ይሄኛው ግን ከልክ ያለፈ ነበር፣ ውሃ ውሃ አለ። ቶናው ላይ ጥቂት ዱቄት ቢጨመርበት ይስተካከል ነበር። ሐራራ ይዞት የሚመጣ ሰውም ይወቀው፣ ራስ ምታቱን ይሄ አይፈታለትም።

አንድ ያደነቅሁት ነገር፣ ለዲካፉ ሙቀጫውም ጀበናውም ለብቻው ነው። ሌላ ቦታ በአንድ መፍጫ እየፈጩ "ችግር የለውም" ይሉሃል። ለታመመ ሰው ችግር አለው።

ካፌይን የሌለው አረቢካ በተፈጥሮ መኖሩንም ልጅቷ ነገረችን። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በተወሰደ ዘር ከበቀሉ ዛፎች መካከል ካፌይን የላቸውም ሊባሉ የሚችሉ ሦስት አግኝተዋል። ዘሩ የእኛ ነው፤ አንድ ቀን ፋብሪካ ሳይገባ ከጀበና የሚወርድ ዲካፍ ከሀገር ቤት ቢመጣልን ምንኛ ደስ ባለኝ።

ጀበናው ከዳቦና ከፈንዲሻ ጋር ለሁለት ሰው 20 ዶላር ነው። ልፋቱን ላየ ሰው አይበዛም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን አትልፉ፤ ያን ጊዜ ዲካፉ የሚወጣው ከማሽን ነው፣ ቡናውም ተቆልቶ የቆየ ነው። ዲካፍ ከሌላው ቡና ፈጥኖ ጣዕሙን ያጣል። በከረጢት የሚሸጡት የተቆላ ቡና ላይም የተቆላበት ቀን አልተጻፈም። ቀኑን ይጻፉበት። የምትገዙም ካላችሁ መቼ እንደተቆላ ጠይቃችሁ፣ በሁለት ሳምንት የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ውሰዱ።