ከጣና ዳር አትላንቲክን መከታተል፦ የማያሚው የሃሪኬን ማዕከል አገልግሎት ለአማተር ተንባይ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሃሪኬን ባሕር ዳር እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ የጣና ታንኳ ቀዛፊ የሚጠነቀቀው ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የሐይቁን ነፋስ ነው። ይሁን እንጂ የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ነገር ከእኛ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ብዙዎቹ ሃሪኬኖች ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ የሚወለዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታየው አልቤርቶ የተባለው ሃሪኬን መነሻ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የተሰባሰበ የነጎድጓድ ደመና እንደነበረ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከታትለው አሳይተዋል። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ክረምት ላይ በጉና በኩል ደመናው ሲጠቁር ወዴት ይሄድ ይሆን ማለቴ አልቀረም።

እንደ እኔ ላለ አማተር ዋናው መሣሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ከማያሚ በነጻ የሚያወጣው ትንበያ ነው። ወቅቱ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን፣ አውሎ ነፋስ በተፈጠረ ጊዜ መግለጫው በየስድስት ሰዓቱ ይታደሳል፤ በእኛ ሰዓት ንጋት 12፣ ቀን 6፣ ምሽት 12 እና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። የምሽቱ 12 ሰዓት ከሥራ ለሚመለስ ሰው እጅግ ይመቻል። ጽሑፉን ያለ ካርታው ብቻውን መክፈት ስለሚቻል ኔትወርክ በሚደክምበት ምሽትም አያስቸግርም።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኮን የሚባለውን፣ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄደውን ሥዕል ነው፤ በእኔ ግምት ከአገልግሎቱ ሁሉ አንባቢን በብዛት የሚያሳስተውም እሱ ነው። ስፋቱ የነፋሱን ስፋት አያሳይም፤ ዝናቡንም ሆነ ወደ ጠረፍ የሚገፋውን የባሕር ውኃ አይናገርም። የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱ እምብርት ሊያልፍበት የሚችለውን አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ የሚሠራውም ባለፉት አምስት ዓመታት ከተመዘገቡት የትንበያ ስህተቶች ሁለት ሦስተኛውን በሚያቅፉ፣ ለየትንበያው ሰዓት በሚሣሉ ክቦች ነው። የመጀመሪያው ቀን ክብ ራዲየስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐይቁን በቀጥታ አቋርጦ ጎርጎራ እንደመድረስ ማለት ነው። የአምስተኛው ቀን ግን ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ካለው የአየር ርቀት ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ እምብርቱ ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ከኮኑ ይወጣል።

ስለዚህ ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ከሥዕሉ ይልቅ የውይይት ጽሑፍ ለሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ላይ የዕለቱ ተንባይ በስሙ ፈርሞ፣ የአየሩን ጉዞ በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች የት ላይ እንደተስማሙ፣ የት ላይ እንደተለያዩና ለምን የትኛውን እንዳመነ በግልጽ ይጽፋል። አውሎ ነፋሱን የሚመራው በዙሪያው ያለው የአየር ፍሰት፣ በተለይም በአዞረስና በቤርሙዳ አካባቢ የሚቆመው ከፍተኛ የአየር ግፊት መሆኑን የተማርሁትም ከዚሁ ጽሑፍ ነው። ቀድሞ የአንድ ሞዴል መስመር በደብተሬ ገልብጬ «በዚህ ያልፋል» እያልሁ ለጓደኞቼ እፎክር ነበር፤ በማግሥቱ መስመሩ ሲዞር የማፍረው እኔው ነበርሁ። ሳንዲ የተባለው ሃሪኬን ታሪክ ይህን ልማድ አስተወኝ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የአውሮፓው ሞዴል ሳንዲ ወደ ግራ ታጥፎ የአሜሪካን ጠረፍ እንደሚመታ ከሳምንት በፊት ገደማ ሲያሳይ፣ የአሜሪካው ለቀናት ወደ ውቅያኖሱ ይሸኘው ነበር፤ በሰሜን የቆመው ከፍተኛ ግፊት መንገዱን ስለዘጋበት ግን በ29ኛው ቀን ኒው ጀርሲ ገባ። ማዕከሉ የራሱንም ስህተት በየዓመቱ ለክቶ ያወጣል፤ ይህን ያህል የሚታመን ተንባይ አላውቅም።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ የውይይት ጽሑፉ ነፋስን በኖት (በሰዓት በባሕር ማይል)፣ ርቀትን በባሕር ማይል ስለሚለካ በ1.852 እያባዙ ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር ግድ ይላል፤ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ደግሞ ከካርታው በቀር የሚተርፈው የለም። ከሁሉ በላይ ማዕከሉ የሚመለከተው አትላንቲክንና ምሥራቃዊ ፓሲፊክን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ሶማሊያ የገባውን ጋቲን የመሰለ፣ ለእኛ የሚቀርበውን የሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን (እዚያ ለሃሪኬን የሚሰጠው ስም ነው) መከታተል የሚፈልግ ሰው በኒው ዴልሂ ያለውን የሕንድ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት መግለጫ መክፈት አለበት።