ሲግናል፦ ምንም የማይሰበስበው መተግበሪያ ወጪው በማን ትከሻ ላይ ነው?

ሲግናልን ለሦስት ዓመታት ያህል በየቀኑ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ስለ መልእክት መላላኪያ መተግበሪያዎች የሚጻፉ ግምገማዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በምስጠራው ጥንካሬ ላይ ቢሆንም፣ በሲግናል ረገድ ይህ ጥያቄ ከሞላ ጎደል መልስ ያገኘ በመሆኑ ብዙ አልቆይበትም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ከተጠቃሚው ክፍያ የማይጠይቅ፣ ማስታወቂያ የማያሳይ፣ መረጃም የማይሸጥ አገልግሎት በምን ይኖራል? የሚኖረው በአንድ ባለጸጋ ቸርነት ከሆነስ፣ ከሸሸነው ዓለም ምን ያህል ርቀናል? (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስለ ዕለታዊ አጠቃቀሙ ጥቂት ልበልና ልለፈው። የጽሑፍና የድምፅ መልእክት፣ ፎቶ፣ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ፣ እስከ 1,000 ሰው የሚይዝ ቡድን፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ የሚጠፋ መልእክት፣ ሁሉም አሉት። የታወቁትን መላላኪያዎች የለመደ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያደናግረው ነገር አይገጥመውም። መልኩ ጭምት ነው፤ አንዳንዱ ይህን ደረቅነት ይለዋል፣ እኔ ዕረፍት እለዋለሁ። በማያ ገጹ ላይ ተከተሉት የሚባል ዝነኛ ሰው፣ ግዙት የሚባል ዕቃ፣ «ሳያውቁት አይቀሩም» ተብሎ የሚቀርብ እንግዳ የለም።

ምስጠራውን በተመለከተ፣ ሲግናል ያበጀው ፕሮቶኮል (መልእክቱ የሚመሰጠርበት ሥርዓት) ዛሬ የዘርፉ መለኪያ ነው። ዋትሳፕ ራሱ ከ2016 ጀምሮ የተጠቃሚዎቹን መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ፣ የሚያመሰጥረው በዚሁ ፕሮቶኮል ነው፤ ስለዚህ «ሲግናል መልእክቴን ይሰውርልኛል፣ ዋትሳፕ ግን ያነብብኛል» የሚለው የተለመደ አባባል ልክ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ደብዳቤው ላይ ሳይሆን ፖስታው ላይ ነው። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየስንት ቀኑ እንደሚጽፍ የሚያሳየው ሜታዳታ የደብዳቤውን ያህል ይናገራል። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለካንሰር ሐኪም፣ ለጠበቃና ለመድን ድርጅት ደጋግሞ መደወሉን ያወቀ ወገን፣ አንዲት ቃል ሳይሰማ ታሪኩን ጨርሶ አውቆታል። ንግዳቸው በማስታወቂያ ላይ የቆመ ኩባንያዎች ስለ ሰው ማወቅ የሚፈልጉትም እንዲህ ያለውን ነው፤ ይህ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመገመት፣ የዋትሳፕ ባለቤት የሆነው የሜታ (የቀድሞው ፌስቡክ) ገቢ በ2023 ከ134 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደነበረና ከዚህም ውስጥ ከ95 በመቶ የሚበልጠው ከማስታወቂያ እንደተገኘ ማስታወስ ይበቃል።

ሲግናል ፖስታውንም አያስቀምጥም። ይህ የድርጅቱ ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጠቅሰውም ነበር፤ ግን በሕግ ፊት ተፈትኗል። በ2016 በቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ወረዳ የተሰየመ የአሜሪካ ፌዴራል ግራንድ ጁሪ (ለክስ የሚያበቃ ማስረጃ መኖሩን የሚመረምር የዜጎች ጉባኤ) ስለ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ያለውን መረጃ እንዲያስረክብ ባዘዘው ጊዜ፣ ድርጅቱ ሊሰጥ የቻለው ከሁለቱ የአንዱ ሂሳብ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ (ከድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነበር። እምቢ ብሎ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ነገር ስለሌለው ነው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ የመልእክቱን ላኪ ማንነት ከራሱ ሰርቨር የሚሰውርበትን ዘዴ ጨምሯል፤ በ2023ም ወደፊት ሊመጡና የዛሬውን ምስጠራ ሊሰብሩ የሚችሉ ኳንተም ኮምፒውተሮችን አስቀድሞ በማሰብ ፕሮቶኮሉን አጠናክሯል። እርግጥ ቁልፍ ቤትን የሚጠብቀው ባለቤቱ በሩን እስከዘጋ ድረስ ነው። በማርች 2025 የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በየመን ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት በሚመካከሩበት የሲግናል ቡድን ውስጥ የዘ አትላንቲክ መጽሔትን ዋና አዘጋጅ በስሕተት አስገብተው እንደነበር ይታወሳል፤ የተሰበረ ምስጠራ አልነበረም፣ እንግዳውን ጠርተው ያስገቡት ራሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ብራያን አክተን ዋትሳፕን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ፌስቡክ በ2014 ዋትሳፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ ሲያስታውቅ፣ መተግበሪያው 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ ዋጋው በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ወደ 42 ዶላር ይጠጋል። ገዢው ያን ያህል የከፈለው ለኮዱ ውበት ሳይሆን፣ እነዚያ ሰዎች ወዳጅ ዘመዶቻቸውን ይዘው በአንድ ቦታ ስለተሰበሰቡ ነው፤ በዋጋው ላይ ግን ከእነርሱ አንዱም ቤሳ ቤስቲን አልደረሰውም። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጀንበር ቢሊየነር ሲሆኑ፣ የተቀሩት በማግሥቱም ያው ተጠቃሚ ሆነው ቀጠሉ። ስለ ሀብት ልዩነት ሲነገር ደመወዝና ግብር ይነሣሉ እንጂ ይህ ዓይነቱ ዝውውር፣ ማለትም የብዙዎች ግንኙነት የጥቂቶች ንብረት ሆኖ መሸጡ፣ ብዙም አይነሣም።

አክተን በ2017 ከኩባንያው ለቀቀ፤ በዚህም ገና ያልደረሱለትን 850 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ አክሲዮኖች ትቶ እንደሄደ ተዘግቧል። በ2018 ከሲግናል ፈጣሪ ከሞክሲ ማርሊንስፓይክ ጋር ሆኖ ለትርፍ ያልቆመውን ሲግናል ፋውንዴሽንን ሲመሠርት 50 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ብድሩ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ105 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ ወለድ የለውም፣ መያዣ የለውም፣ መመለሻው ጊዜም 2068 ነው። ሰውዬውን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ የሚሊዮኖች ምስጢር መጠበቅ ዋትሳፕን በሸጠ አንድ ቢሊየነር ጸጸት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ የሚያጽናና ሆኖ አላገኘሁትም። እርሱ ባይጸጸት ኖሮስ?

ድርጅቱም ይህን ያውቃል መሰለኝ፣ በኖቬምበር 2023 ወጪውን ዘርዝሮ ለሕዝብ አቀረበ። መረጃን ለማስቀመጥ በዓመት 1.3 ሚሊዮን፣ ለሰርቨሮች 2.9 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል፤ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ብቻ በዓመት 20 ፔታባይት (20 ሚሊዮን ጊጋባይት) ገደማ ያጓጉዛል፤ ለ50 ያህል ሠራተኞቹም 19 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። በ2025 ጠቅላላ ወጪው በዓመት ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቶም ነበር። ይህ ለሜታ የጥቂት ሰዓታት ገቢ ነው፤ ለመዋጮ ሣጥን ግን ትልቅ ሸክም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እዚህ ላይ ቁጥሩም ሳይቀር ይገጥማል፤ ምክንያቱም መተግበሪያውን ከሚጠቀሙት በአስር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ሰዎች እያንዳንዱ በዓመት ጥቂት ዶላር ቢያዋጣ የባለጸጋው ብድር ባላስፈለገ ነበር።

በዚያ ዝርዝር ውስጥ ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ መስመር ነው። አዲስ ተጠቃሚ ሲመዘገብ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክለት የማረጋገጫ ቁጥር በዓመት 6 ሚሊዮን ዶላር ያስወጣል፤ ከሰርቨሮቹ ኪራይ እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንግዲህ የሲግናል ትልቁ ጉድለትም ይኸው የስልክ ቁጥር ግዴታ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የተጠቃሚ ስም በመምረጥ ቁጥርን ከሌሎች ሰዎች መሰወር ቢቻልም፣ ያለ ቁጥር መመዝገብ ዛሬም አይቻልም። ሲም ካርድን በመታወቂያ ማስመዝገብ ግዴታ በሆነባቸው አገሮች ቁጥር ማለት ስም ማለት ነው። ስልክ በጋራ ለሚጠቀም ቤተሰብ፣ ሲሙ ለተዘጋበት ስደተኛ ደግሞ ቁጥር ራሱ ቅንጦት ሊሆን ይችላል። የማረጋገጫ መልእክቱም በሌሎች ኩባንያዎች እጅ ስለሚያልፍ፣ በ2022 ትዊሊዮ የተባለው አቅራቢ በተጠቃ ጊዜ የ1,900 ያህል የሲግናል ተጠቃሚዎች ቁጥር ለአደጋ ተጋልጧል። ድርጅቱ የቁጥር ግዴታው አላስፈላጊ መልእክት የሚበትኑ ሰዎችን ይከላከላል፣ ወዳጅንም ለማግኘት ያቀላል ይላል፤ ምክንያቱ ቢገባኝም፣ ብዙ ወጪ የሚያስወጣውና ግላዊነትን የሚጎዳው ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ለዓመታት መቆየቱ አይዋጥልኝም።

ሁለተኛው ጥገኝነት ከዚህ የባሰ ነው። በኦክቶበር 2025 የአማዞን የደመና አገልግሎት ሲስተጓጎል ሲግናልም አብሮ ተስተጓጎለ፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም መላላኪያቸው በአማዞን ኮምፒውተሮች ላይ እንደሚሠራ ያን ዕለት አወቁ። ከ2022 ጀምሮ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት የሆነችው ሜሬዲት ዊታከር በወቅቱ እንዳስረዳችው፣ በመላው ዓለም ፈጣን ጥሪ ሊያስተናግድ የሚችል መሠረተ ልማት ያላቸው ኩባንያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መልእክቱ የተመሰጠረ ስለሆነ አማዞን ሊያነበው አይችልም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም እንደሚባለው፣ ከግዙፎቹ ለመውጣት የተሠራ ቤት በግዙፎቹ መሬት ላይ በኪራይ የቆመ መሆኑን ግምገማዬ ሊያልፈው አይችልም። ሲግናል ለዚህ ተወቃሽ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ መሬቱን ቀድመው የያዙት እነዚያ ናቸውና።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ልጨምር። ለረጅም ጊዜ የሲግናል ንድፍ አሮጌው ስልክ በእጅ እያለ ወደ አዲሱ መሻገርን የሚያስብ ነበር። ስልኩን በየዓመቱ የሚቀይር ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ታሪኩን ያሻግራል፤ ስልኩ የተሰረቀበት ወይም የተሰበረበት ሰው ግን መልእክቶቹን በብዛት ያጣ ነበር። በሴፕቴምበር 2025 ይፋ የሆነው የተመሰጠረ መጠባበቂያ ይህን ያቃልላል፦ እስከ 100 ሜጋባይት ጽሑፍና የ45 ቀን ፎቶና ቪዲዮ ያለ ክፍያ፣ 100 ጊጋባይት ደግሞ በወር በ1.99 ዶላር። ድርጅቱ ክፍያ የጠየቀበት የመጀመሪያው አገልግሎት ይህ ነው። አከፋፈሉን ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምስጠራው ለከፋይም ላልከፋይም አንድ ሲሆን፣ የሚከፈለው ለቦታ ብቻ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ማስታወቂያና ክትትል እንዲቀር ወርኃዊ ክፍያ ሲጠይቁ፣ ገንዘብ ያለው ይሰወራል፣ የሌለው ይታያል። ሲግናል ይህን መስመር አላለፈም፤ ካለፈ ያን ዕለት ይህን ግምገማ እቀድደዋለሁ።

ክፍት ምንጭነቱም ንጹሕ ታሪክ ብቻ የለውም። ኮዱ ለማንም ክፍት ቢሆንም፣ ከ2020 አጋማሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 2021 ድረስ ለአንድ ዓመት ያህል የሰርቨሩ አዲስ ኮድ ለሕዝብ ሳይወጣ ቆይቶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ሞባይልኮይን የተባለው ምናባዊ ገንዘብ በመተግበሪያው ውስጥ መካተቱ ሲሰማ ብዙ ወዳጆቹ ቅር ተሰኙ። እኔም ለምን እንደሚያስፈልግ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም። ሙሉ ነጻነት የሚፈልግ ሰው ማትሪክስ የተባለውን ክፍት ፕሮቶኮል ሊመርጥ ይችላል፤ የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ያዘጋጀው መላላኪያ የተሠራው በእርሱ ነው፣ ማንም የራሱን ሰርቨር ማቆም ይችላል። ይሁን እንጂ ሰርቨር ለማቆም ዕውቀት፣ ትርፍ ጊዜና የማይቋረጥ መብራት ያስፈልጋል፤ እነዚህም ራሳቸው ሀብት ናቸው። ሲግናል ስለ ኮምፒውተር ምንም ለማያውቅ ሰው ያንኑ ጥበቃ ያለ ምንም ማስተካከያ ይሰጠዋል፤ በእኔ ሚዛን ከጉድለቶቹ ሁሉ የሚያመዝነው ይህ ነው።

መተግበሪያውን ጭነው ሲገቡ ከሚያውቋቸው ሰዎች ጥቂቱን ብቻ ሊያገኙ ይችላሉና ትዕግሥት ይኑርዎት፤ እኔ ከአራት ሰዎች ጀምሬ አሁን የቅርብ ወዳጆቼ በሙሉ እዚያ ናቸው። እያንዳንዱ ዕትም ከ90 ቀን ገደማ በኋላ ጊዜው ስለሚያልፍበት በየጊዜው ያድሱት፤ የኢንተርኔት ጥቅሉ ውስን ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ሸክም ነው። በቅንብሩ ውስጥ ቁጥርዎን ማን ማየት እንደሚችልና ማን በቁጥርዎ ሊያገኝዎት እንደሚችል የሚወስኑ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ ማንም እንዳያየውና እንዳያገኝዎት ሁለቱንም መዝጋት ይቻላል። የሚከፈልበትን መጠባበቂያ አልገዛሁም፤ የእርሱን ያህል ግን በየወሩ አዋጣለሁ። ድርጅቱ ክፍያው ከየትኛው የሲግናል ሂሳብ እንደመጣ እንዳያውቅ አድርጎ ስላበጀው፣ መስጠቴን እንኳ ከስሜ ጋር ሊያያይዘው አይችልም። ለለጋሾች በመገለጫ ሥዕል ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ምልክት አለ፤ እርሱን አጥፍቼዋለሁ።