የእጅ ካሜራ ይሻላል ወይስ አብሮ የሚዘል ካሜራማን?

ሐዋሳ ውስጥ የእኔ እንጀራ የሠርግና የልደት ቪዲዮ ነው። የፓራሹት ዝላይ በፍላሽ ነው የሚመጣልኝ። ሰው ዱባይ ወይም ኬንያ ዲያኒ ሄዶ ከአስተማሪ ጋር ታስሮ ይዘላል፤ ታንደም ይሉታል። ሲመለስ «እስቲ አሳምርልኝ» ይለኛል። እኔ ግን የማሳምረው የተቀረጸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እናውራ።

ምርጫው ሁለት ነው። ወይ አስተማሪው ግራ እጁ ላይ ጎፕሮ የሚሏትን ትንሽ ካሜራ ያስራል፣ ወይ ሌላ ሰው ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ገጥሞ አብሯችሁ ይዘላል።

የእጅ ካሜራው ዋጋው ቀለል ይላል። እኔ የምወደው ግን እስከ መሬት ድረስ ስለማይለያችሁ ነው። ከ4,000 ሜትር ገደማ ሲዘለል፣ ፓራሹቱ እስኪከፈት ያለው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ መንሳፈፍ አለ። ወሬው ያለው እዚያ ነው። በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ አሞራ ገደል ቀጥራኝ፣ ዓሣዋን ሳትጨርስ ፍላሹን አወጣችልኝ። በቪዲዮው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ አፏን እንደከፈተች ነው፤ ድምፁም ነፋስ ብቻ። ፓራሹቱ ሲከፈት ሁሉም ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይታ «እማዬ ብታየኝ ትገድለኛለች» አለች። እዚያ ላይ ሙዚቃውን አጠፋሁት።

ጉድለት አለው። ሌንሱ ሰፊ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ፊታችሁ ሥር ነው። አፍንጫ ያሳብጣል።

አብሮ የሚዘለው ካሜራማን ግን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወደቀ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። እጁን ለመብረር ስለሚፈልገው፣ ፎቶ የሚያነሳው በጥርሱ ወይም በምላሱ በሚጫናት ትንሽ ቁልፍ ነው። አሳትማችሁ ሳሎን የምትሰቅሉት ፎቶ ከፈለጋችሁ ከእሱ ነው የሚገኘው። ችግሩ፣ የእናንተ ፓራሹት ሲከፈት እሱ ወደ ታች ይቀጥላል። የራሱን ዝቅ ብሎ ይከፍትና ቀድሞ አርፎ፣ ስታርፉ ይቀርጻችኋል። ያቺ የእማዬ ነገር በእሱ ካሜራ አትገኝም።

ገንዘብ ካልቸገራችሁ ሁለቱንም ያዙ። አንዱን ብቻ ከሆነ፣ እኔ የእጁን እላለሁ።

ኤዲቱስ? እዚያው የሚሠሩላችሁ ፈጣን ነው፤ ግን የሁሉም ሰው ቪዲዮ አንድ መልክ፣ አንድ ሙዚቃ ይሆናል። ለቲክቶክ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ካፕከት የሚባለው የኤዲት አፕ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ኦሪጅናል ፋይሉን ጠይቁ። ስሎውሞሽን ከወደዳችሁ በሴኮንድ 120 ፍሬም እንዲቀረጽ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በ30 የተቀረጸን ሳዘገየው ይቆራረጣል።

ደግሞ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ አትላኩልኝ! ይጨመቅና ሰማዩ ካሬ ካሬ ይሆናል። እንደ ፋይል ይሁን። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የተቀረጸ ፎርኬ (በጣም ጥርት ያለው ቪዲዮ) በደቂቃ 750 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ነፃው ቴሌግራም ደግሞ ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው 2 ጊጋባይት ነው። ፍላሽ ይሻላል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገቡ ሌንሱ እንዲጠረግ ጠይቁ። እጄ ላይ ከገቡት ሁሉ ቆንጆው ዝላይ፣ ከላይ እስከ ታች መሐሉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለበት።