የአሉሚኒየም ፎይል ኢንሱሌሽን በድሬዳዋ ቆርቆሮ ቤት

የድሬዳዋን ቀትር ቆርቆሮ ሥር ያሳለፈ ሰው፣ ሙቀቱ ከአየሩ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከጣሪያው እንደሚመጣ ያውቃል። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ ኮርኒሱም ያን ግለት ተቀብሎ እስከ ምሽት ወደ ታች ሲለቀው ይውላል። ይህን ለመከላከል በቤቴ ያስገጠምኩት በጥቅል የሚሸጠውን፣ አንድ ገጹ ነጭ፣ ሌላው የአሉሚኒየም ፎይል የተለበጠበት፣ መሐሉ የአየር አረፋ ያለው ፕላስቲክ ነው። ለቆርቆሮ ጣሪያ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ዕቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ጥቅሙ የሚገኘው በትክክል ሲገጠም ብቻ ነው።

ንጹሕ የአሉሚኒየም ገጽ የሚያርፍበትን የጨረር ሙቀት 95 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ራሱ ሲሞቅም የሚያወጣው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ጠባዩ የሚሠራው ከፊቱ ባዶ አየር ካለ ነው። አሉሚኒየም ሙቀት አስተላላፊ ስለሆነ፣ ከቆርቆሮው ወይም ከኮርኒሱ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ከቀጭኑ አረፋ በቀር ሙቀቱን የሚይዝ ነገር አይኖርም። ስለዚህ የሻጩን «በማጣበቂያ ለጥፉት» የሚል ምክር አልተቀበልኩም፤ አናጢው ከማገሮቹ ሥር ወጥሮ በቀጭን ጣውላ አሰረው፣ ከላይም ከታችም ክፍት ቦታ ተወለት። የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ ላይ መሆን አለበት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ወደ ታች እንዲሆን አድርጌያለሁ፤ ምክንያቱም ወደ ላይ የዞረ ፎይል በድሬዳዋ አቧራ ቶሎ ይሸፈናል፣ አቧራ የለበሰ ፎይል ደግሞ ሥራውን እያቆመ ይሄዳል።

ለውጡ በእጅ ይዳሰሳል። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ወጥቼ መዳፌን ሳሳርፍበት የሳሎኑ ኮርኒስ ለብ ያለ ብቻ ነው፤ ፎይል ያልገባበት የዕቃ ክፍል ኮርኒስ ግን አሁንም እጅ አያስነካም። ይህ ማለት ቤቱ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ቬንቲሌተሩ አሁንም ይሠራል፤ አናት ላይ ይወርድ የነበረው ወበቅ ግን ቀርቷል። ማታ በአንጻሩ ቆርቆሮው ቶሎ ቢቀዘቅዝም የክፍሉ ሙቀት ወደ ላይ የሚያመልጠው በዝግታ ስለሆነ፣ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል።

የተረፈውን ቁራጭ ወደ ምዕራብ በዞረው የላሜራ በር ጀርባ፣ በጣውላ ከላሜራው አርቀን አስገጥመነዋል፤ እዚያም በሚገባ ረድቷል። ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ግን ማባከን ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። በአውስትራሊያ በ2009 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የቤቶች ኢንሱሌሽን ፕሮግራም ፎይሉን የሚያያይዘው የብረት ስቴፕል የኤሌክትሪክ ገመድ በመውጋቱ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ መንግሥትም በ2010 መጀመሪያ በፕሮግራሙ ውስጥ ፎይል መጠቀምን አስቁሟል። በእኛም ቤቶች ኮርኒስ ውስጥ ገመድ ያለ መከላከያ ቱቦ መዘርጋቱ የተለመደ ነው። አናጢው ወደ ጣሪያው ከመውጣቱ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይጥፋ፣ ገመዱም ቱቦ ውስጥ ይግባ። አረፋው ፕላስቲክ ስለሆነ እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ ከሰልና እንጨት በሚነድበት ወጥ ቤት ጣሪያ ሥር አላስገጠምኩትም።