ፔዳል ስቲል ጊታር ስትገዙ፦ ስንት ፔዳል፣ ስንት የጉልበት ሊቨር?

ውሳኔዬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፔዳል ስቲል የምትገዙት የእኛን ቅኝቶች ልትጫወቱበት ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ሁለተኛ አንገት (በሌላ አቃኛኘት የሚቃኝ ተጨማሪ የክሮች ረድፍ) ላይ አታፍስሱት። የጉልበት ሊቨር፣ ማለትም በጉልበት እየተገፋ የክሮቹን ድምፅ የሚለውጠው እጀታ፣ ላይ አውሉት።

ጎጃም ውስጥ ሱቅ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ ሞክሮ ይህን መሣሪያ መግዛት የሚታሰብ አይደለም። ባሕር ዳር ያለ ጊታሪስትም ሆነ ደብረ ማርቆስ ያለ ኪቦርዲስት ተስፋው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ስለዚህ ሳያዩ መምረጥ ግድ ይሆናል። ሻጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጥር ብቻ ይጽፋል፦ «3 በ4»፣ «8 በ5» እያለ። የመጀመሪያው የእግር ፔዳሎቹ ብዛት ነው። ሁለተኛው የጉልበት ሊቨሮቹ።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጊታሩ በአራት እግር ቆሞ ከፊታችሁ ይጋደማል። ግራ እጃችሁ ብረት ይዞ ክሮቹ ላይ ይንሸራተታል። ቀኝ እጅ ይመታል። ቀኝ እግር ቮልዩም ፔዳሉን ይቆጣጠራል፤ ግራ እግር የቀሩትን ፔዳሎች ይረግጣል። ሁለቱ ጉልበቶች ሊቨሮቹን ወደ ጎን፣ አንዱን ደግሞ አንዳንዴ ወደ ላይ ይገፋሉ። እያንዳንዱ ፔዳልና ሊቨር የተመደቡለትን ክሮች ይወጥራል ወይም ያላላል። ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገዱ ራሱ ይሰማል፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ጭራው ላይ ስትንሸራተት እንደምንሰማው።

ይህ የመንሸራተት ለዛ ፔዳል ሳይኖርም ይገኛል። ላፕ ስቲል የሚባለው ቀላልና ርካሽ ነው። ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ 6 ክር አለው። ፍላጎታችሁ አንድ ዜማ እያንሸራተቱ ማውጣት ብቻ ከሆነ እሱን ግዙና ገንዘባችሁን ቆጥቡ። የማይችለው ነገር ግን አለ። አንዱ ክር ባለበት ቆሞ ሌላው ከሥሩ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ አይሆንለትም። የፔዳል ስቲል ውበቱ ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የተለመደው አቃኛኘት ኢ9 ይባላል፤ 10 ክር አለው። ሦስቱ ፔዳሎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብለው ይጠራሉ። ከኖታ ስም ጋር እንዳይምታታባችሁ እኔ እዚህ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እላቸዋለሁ። አንደኛው ቢ ክሮችን ወደ ሲ ሻርፕ ያወጣል። ሁለተኛው ጂ ሻርፕን ወደ ኤ ያወጣል። ሦስተኛው 4ኛውን ክር ከኢ ወደ ኤፍ ሻርፕ፣ 5ኛውን ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ያወጣል። ሦስተኛው ለእኛ ሥራ እምብዛም አያስፈልግም።

ብረቱን ከቦታው ሳታንቀሳቅሱ የትኛውን ቅኝት ታገኛላችሁ? የትኛው ጊታር እንደሚሻል የሚነግራችሁ ይህ ጥያቄ ነው።

ትዝታ ሜጀር ከኢ ሲነሣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ ነው። አራቱ ባዶ ክር ላይ አሉ። ሲ ሻርፕን አንደኛው ፔዳል ይሰጣችኋል። በቃ፤ ሊቨር አያስፈልግም።

ባቲ ሜጀር ላይ ነገሩ ይለወጣል። ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ሻርፕ ያስፈልጋችኋል። ኤን ሁለተኛው ፔዳል ያወጣል። ዲ ሻርፕ የሚገኘው ግን ኢን በግማሽ ድምፅ በሚያወርደው ሊቨር ነው። በእርግጥ 2ኛው ክር ራሱ ዲ ሻርፕ ነው። እሱን መምታት ይቻላል፤ ከኢ ወርዶ ተመልሶ ወደ ኢ የመውጣቱ ለዛ ግን ይቀራል።

ትዝታ ማይነርን ከሲ ሻርፕ አንሡት። አንደኛውን ፔዳል ረግጣችሁ ያዙ። ሁለተኛው ፔዳል ጂ ሻርፕን ኤ ያደርገዋል። ያው ሊቨር ኢን ወደ ዲ ሻርፕ ያወርዳል። አምስቱም ኖታዎች ተገኙ። አምባሰልም እነዚሁ ኖታዎች ናቸው፤ መነሻው ብቻ ጂ ሻርፕ ይሆናል።

አንቺሆዬ ብዙ ይጠይቃል፤ እኔም መሣሪያ የምመዝነው በእሱ ነው። ከኢ ሲነሣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ነው። ኤፍ እንዲገኝ ኢን የሚያወጣ ሊቨር ይኑር። ቢ ፍላት እንዲገኝ ቢን የሚያወርድ ሌላ ሊቨር ይኑር። የቀሩትን ፔዳሎቹ ይሸፍኑታል።

ስለዚህ ሦስት ሊቨር ያስፈልገናል፦ ኢን የሚያወርድ፣ ኢን የሚያወጣ፣ ቢን የሚያወርድ። ባለ አንድ ሊቨር የጀማሪ ጊታሮች፣ ለምሳሌ የድሮው ሾ-በድ ማቭሪክ፣ እዚህ ላይ ያጥራቸዋል። 3 በ4 ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአብዛኛው ታገኛላችሁ። ቢን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ በግራ ጉልበት ወደ ላይ የሚገፋው አምስተኛው ሊቨር ነው። አቅማችሁ ከፈቀደ የእኔ ምርጫ 3 በ5 ነው። ካልፈቀደ 3 በ4 ግዙ፤ አንቺሆዬ ላይ ብረቱን አንድ ፍሬት ወደ ታች መግፋት ትለምዳላችሁ።

ባለ ሁለት አንገቱስ? ሁለተኛው አንገት በሲ6 ይቃኛል፤ ለስዊንግና ለጃዝ ኮርድ የተመቸ ነው። ጃዝ የምትወዱ ሰዎች ልትጓጉለት ትችላላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ግን ከነሳጥኑ ከ30 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። አውሮፕላን ላይ አንድ ሻንጣ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው። ከባሕር ዳር ዳንግላ ወይም ፍኖተ ሰላም ለሠርግ ሥራ በሚኒባስ ይዛችሁት ስትሄዱም አስቡት።

የፔዳል አቀማመጥም ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የተሰየሙት በተጫዋች ስም ነው። በበዲ ኤመንስ አቀማመጥ አንደኛው ፔዳል በግራ ጫፍ ነው። በጂሚ ዴይ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አንደኛው ወደ ቀኝ ይመጣል። ድምፃቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የቁርጭምጭሚት ምቾት ነው። አስተማሪ አጠገባችሁ ከሌለ ኤመንስን ምረጡ። ብዙው የማስተማሪያ ቪዲዮ በእሱ ነው።

ስለ ውስጡም ጠይቁ። የድሮ ኤመንስ ጊታሮች «ፑሽ ፑል» የሚባል አሠራር አላቸው። በድምፃቸው ብዙዎች ይምላሉ። ማስተካከሉ ግን ከባድ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሚያውቀው ባለሙያ ከየት ይመጣል? «ኦል ፑል» የሚባለውን ውሰዱ፤ ጫፉ ላይ ያሉትን መቃኛዎች ራሳችሁ በትንሽ መፍቻ ታዞራላችሁ። ፌንደር 400 ርካሽ ሆኖ ብታገኙትም ተጠንቀቁ። 8 ክር ነው፤ በገመድ ይሠራል፤ ሲወጣም የጉልበት ሊቨር አልነበረውም።

ይህ መሣሪያ የአሜሪካ ካንትሪ ብቻ ነው የሚላችሁ ካለ፣ የናይጄሪያውን ኪንግ ሰኒ አዴን አስታውሱት። የእሱ ባንድ ጁጁ የሚባለውን የአገሩን ሙዚቃ በፔዳል ስቲል አስውቦ ተጫውቷል። ትዝታና ባቲ ከዚያ ያነሰ አይገባቸውም።

አምፕሊፋየር ከአሜሪካ አታስመጡ። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እዚሁ ግዙ።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩ ሦስት ነገር ይላክላችሁ። እያንዳንዱ ሊቨር የትኛውን ክር ወደ ምን እንደሚወስድ በጽሑፍ። ከሥር የተነሣ ፎቶ፣ ዘንጎቹ በሙሉ መኖራቸው የሚታይበት። እንዲሁም እያንዳንዱ ፔዳል ተረግጦ ሲለቀቅ ክሩ ወደ ቦታው መመለሱ የሚሰማበት አጭር ቪዲዮ። ረጅም ከሆናችሁ ደግሞ እግሮቹ ምን ያህል እንደሚረዝሙ ጠይቁ። ቁጭ ስትሉ ጉልበታችሁ ሊቨሩን ሳይገፋው ለመንካት ጥቂት ብቻ ሊቀረው ይገባል።