ስምንት ወር ከወያላው ጋር

አራት ኪሎ ትንሽ የጽሑፍና የፕሪንት ሱቅ አለችኝ። ከስምንት ወር በፊት የእህቴ ልጅ ላፕቶፔ ላይ ሊነክስ የሚባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር ጫነልኝና የከፈትኳቸውን ፕሮግራሞች መስኮቶች በራሱ የሚደረድረውን ነገር አበራው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ በማውስ መጎተት ቀረልህ» አለኝ። እውነትም ቀረልኝ። ሌላ ጣጣ መጣ እንጂ።

መጀመሪያ የተከፈተው ፕሮግራም ስክሪኑን ይሞላል። ሁለተኛው ሲመጣ እኩል ይካፈላሉ። ሦስተኛው ደግሞ እየሠራሁበት ያለውን ገምሶ ይገባል። ልክ እንደ ወያላ ነው፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ያጭቃል። የላፕቶፔ ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው። አራተኛው ሲከፈት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 341 ፒክስል ስፋት ብቻ ይደርሳቸዋል።

አንድ ቀን አንዲት እናት ማመልከቻ እያስጻፉኝ ዋጋ ጠየቁ። ካልኩሌተር ከፈትኩ። ካልኩሌተሩ የጽሑፉን ግማሽ ወርሶ ቁጭ አለ፤ ቁጥሮቹ የቡና ሲኒ አክለዋል። ጽሑፉ ተጨምቆ ወደማላውቀው መስመር ዘለለ። «ልጄ፣ ጽሑፌን የት ወሰድከው?» አሉኝ ደንገጥ ብለው። እኔም እየፈለግኩት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን እርማት ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በሙሉ መጠኑ ለማየት ወደ 794 ፒክስል ስፋት ይፈልጋል። ሁለት መስኮት ሲከፈት ለአንዱ የሚደርሰው የስክሪኔ ግማሽ ግን 683 ነው። ስለዚህ ገጹን ማሳነስ ግድ ነው። በእንግሊዝኛ ይሄ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ በአንዱ ወገቡ ላይ፣ በሌላው እግሩ ላይ። ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷ ትደበዝዛለች። «ይችሉ» እና «ይችሊ» አንድ መስለው ያልፉኛል። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ካስጠረዘ በኋላ ሦስት እንዲህ ያሉ ስህተቶች አግኝቶ መጣ። ሦስቱንም ገጽ በነጻ አወጣሁለት፤ የጥረዛውንም ከፈልኩ።

መስኮት የመደርደሩ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስም መስኮቶቹን ጎን ለጎን ነበር የሚደረድራቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ የቻለው በ1987 በሁለተኛው ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ብነግረው ሳቀብኝ።

አድልቼ እንዳልናገር፣ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ስካን አድርጌ ከጎኑ ስተይብ ደስ ይላል። ሁለት መስኮት፣ አለቀ። እጄ ከኪቦርድ ሳይነሳ ከአንዱ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ማለት ነው። አንዱ ፍላሽ ይዞ ሲገባ፣ ሌላው «ኢሜይሌን ክፈትልኝ» ሲል ሁሉም ይተራመሳል። አንዳንድ ፕሮግራሞችን ከድርደራው ማስወጣት ይቻላል፤ ካልኩሌተሩን አስወጥቼዋለሁ። ግን ሁሉንም አንድ በአንድ መመዝገብ ሰለቸኝ።

አሁን ቀን ቀን አጠፋዋለሁ። ማታ በሩን ገርበብ አድርጌ ረቂቅ ስተይብ አበራዋለሁ። ዋጋ ግን እስካሁን በስልኬ ነው የማሰላው።